ሰማያዊዋ ነጥብ ወንዝ አታሻግርም

ይህን ዓምድ ይዘን ከጦር ሠፈራችን ርቀን የሄድንበት ጊዜ ጥቂት ነው። ባለፈው ሚያዝያ ግን ለሥራ ወደ ናይሮቢ ተልከን በነበረበት ወቅት፣ በአካባቢያዊ የወታደራዊ ትብብር ሥራ ተመድበው ከነቤተሰባቸው በዚያች ከተማ በሚኖሩ አንድ የአገራችን ሻለቃ ቤት ስድስት ቀን በእንግድነት ሰንብተናል። ቤቱ የሚገኘው ላቪንግተን በተባለው ሠፈር ነው። ስለ ካርታና ስለ ኮምፓስ፣ እንዲሁም ዛሬ እያንዳንዳችን በኪሳችን ይዘን ስለምንዞረው የስልክ ጂፒኤስ እንድንጽፍ ወታደሮቻችንም ባለቤቶቻቸውም ደጋግመው ጠይቀውናል። ለጽሑፉ መነሻ የሚሆን ነገር ስንፈልግ ቆይተን፣ በዚያ ቤት በሁለተኛው ሌሊት ሳንፈልገው አገኘነው።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነበር። (ኬንያውያንም በስዋሂሊ ሲነጋገሩ ሰዓቱን እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው ስለሚቆጥሩ በዚህ ረገድ እንግድነት አይሰማም።) በዚያ አገር ረጅሙ የዝናብ ወራት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነውና ዝናቡ ከምሽት ጀምሮ ሳያባራ ሲወርድ አምሽቶ መብራት ጠፍቶ ነበር። ሰባት ዓመት የሆናት የሻለቃው ልጅ አስም አለባት። ከእንቅልፏ ስትነቃ ትንፋሿ አጥሮ፣ ከንፈሯ ገርጥቶ፣ በአፏ የምትስበው መድኃኒትም ፋታ ሳይሰጣት ቀረ። የቤቱ መኪና ጋራዥ ገብታለች። እናቲቱ አምቡላንስ ጠሩ፤ ሾፌሩ የቤቱን ቦታ እንዲልኩለት በጠየቀ ጊዜም ከመኝታ ክፍሉ ሆነው በስልካቸው ላኩለት።

ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ሾፌሩ ደውሎ «ደርሻለሁ፤ ከበሩ ላይ ነኝ» አለ። በበሩ ላይ ግን ማንም አልነበረም። ወደ ጓሮ የወጣው የ14 ዓመቱ ወንድ ልጅ ጮኾ ሲጠራን፣ የአምቡላንሱ ቀይ መብራት ከሸለቆው ማዶ በባሕር ዛፎቹ መካከል ሲበራና ሲጠፋ ሁላችንም አየነው። በመካከላችን ከ200 ሜትር የማይበልጥ ርቀት ነበር። በዚያ 200 ሜትር ውስጥ ግን በዝናቡ የሞላ ጅረት አለ፤ ድልድይ የለም። ሾፌሩ ካርታው ደርሰሃል እንዳለው እየደጋገመ ተናገረ፤ ሐሰትም አልተናገረም። በመጨረሻ ስልኩን የተቀበሉት የቤቱ ዘበኛ ናቸው። በሠፈሩ ልማድ «ምዜ» እየተባሉ በአክብሮት የሚጠሩ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው። ምዜ ስለ ነጥቡም ስለ ካርታውም አንድ ቃል አልተናገሩም። «ተመለስ፤ ዳገቱን ውጣ፤ ትልቁን አስፋልት ስታገኝ ወደ ግራ ታጠፍ፤ የጡብ ግንብ ያለበትን ቤተ ክርስቲያን እለፍ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ግራ ቁልቁል የምትወርደው ሁለተኛዋ ኮረኮንች ናት፤ እኔ ባትሪ ይዤ መንገድ ላይ እቆማለሁ» አሉት። አምቡላንሱ ከደጅ ሲደርስ ከመጀመሪያው «ደርሻለሁ» በኋላ ሃያ አምስት ደቂቃ አልፏል።

ልጅቱ ሐኪም ቤት ደርሳ በጭምብል የሚሰጠውን መድኃኒት ከተነፈሰች በኋላ ጎሕ ሲቀድ ተሽሏት ተኛች። እናቲቱ በማግሥቱ ቡና እያፈሉ «መብራቱን በዐይኔ እያየሁት ለልጄ ሳይደርስላት» ብለው ጀመሩና ሳይጨርሱት ተዉት።

ሻለቃው በሙያቸው ካርታ ንባብ ያስተማሩ መኮንን ናቸው። ስለዚህ ነገሩ ከጭንቀትም አልፎ የሙያ ቁጭት ሆነባቸው። ጠዋት ዝናቡ እንዳባራ ልጃቸውንና እኛን አስከትለው መሬቱን ለማየት ወጡ። አብረን ከሄድን በኋላ የተረዳነውን ለአንባብያን እናካፍላለን።

ላቪንግተን ከናይሮቢ መሐል ከተማ በስተ ምዕራብ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠ፣ አፈሩ ቀይ፣ ዛፉ የበዛ ሠፈር ነው። የመንፈስ ቅዱስ ማኅበር ካህናት የቅዱስ ኦስቲንን ሚሲዮን በ1899 እ.ኤ.አ. በዚህ አካባቢ መሥርተው ቡና ተክለውበት ነበር። ያ ቡና ሬዩንዮን ከምትባለው ደሴት የመጣው ዝርያ ሲሆን ወደ ደሴቲቱ የገባው ከየመን፣ ወደ የመንም የተሻገረው ከአገራችን ነውና፣ በላቪንግተን ምድር ላይ የእኛም አሻራ አለበት ብንል ከመጠን በላይ መኩራራት አይሆንብንም። ዛሬ የቡናው እርሻ ጠፍቶ ቦታው በመኖሪያ ቤቶችና በፎቆች ተሸፍኗል። የመሬቱ ቅርጽ ግን አልተለወጠም። የናይሮቢ ምዕራባዊ ክፍል ወደ ምሥራቅ የሚያዘቀዝቅ ሲሆን፣ ኪሪችዋ የሚባሉትን የመሰሉ ጅረቶች ጎን ለጎን እየወረዱ መሬቱን እንደ እጅ ጣቶች ከፋፍለውታል። ዋና ዋናዎቹ መንገዶች በጀርባዎቹ ላይ ይሄዳሉ፤ ከአንዱ ጀርባ ወደ ሌላው የሚያሻግሩት ድልድዮች ግን ጥቂት ናቸው። ስለዚህ በዚህ ሠፈር «ቅርብ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው፤ አንዱ ለወፍ፣ ሌላው ለሰው።

ሻለቃው ጓሮው ውስጥ ቆመው ስልካቸውን አወጡ። ካርታው ላይ ሰማያዊዋ ነጥብ አለች፤ በዙሪያዋ ደግሞ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ክብ ይታያል። «ወታደሮቼ ሁሉ ነጥቧን ያያሉ፤ ክቡን የሚያይ አንድ አላገኘሁም» አሉን። ክቡ ስልኩ ራሱ የሚሰጠው የጥርጣሬ መጠን ነው፤ «ከዚህ ክብ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ነህ» ማለቱ ነው። ጓሮው ውስጥ ሰማዩ ክፍት ስለሆነ ክቡ እጅግ ጠባብ ነበር። ወደ መኝታ ክፍሉ ገብተን ስናየው ሰፍቶ ግቢውን ሁሉ አልፎ ሄደ።

ምክንያቱን ለመረዳት ጂፒኤስ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ማየት ያስፈልጋል። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከመሬት 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ በ12 ሰዓት ገደማ አንድ ጊዜ ምድርን እየዞሩ፣ እጅግ ትክክለኛ በሆነ ሰዓት የተለካ ምልክት ያለማቋረጥ ያሰራጫሉ። ስልካችን ያዳምጣቸዋል፤ አይመልስላቸውም፤ እነርሱም እኛን አያውቁንም። ምልክቱ ከእያንዳንዱ ሳተላይት ለመድረስ የወሰደበትን ጊዜ በማስላት ርቀቱን ያገኛል። ቦታውን ለማወቅ ከአራት ሳተላይቶች ያላነሰ ያስፈልገዋል፤ ሦስቱ ለቦታው፣ አራተኛው የስልኩን ርካሽ ሰዓት ለማረም ነው። ምልክቱ በብርሃን ፍጥነት ስለሚጓዝ፣ በሰዓቱ ላይ የሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስሕተት ቢኖር በርቀት ላይ የ300 ሜትር ስሕተት ይሆናል። ሰማዩ ክፍት በሆነበት ሜዳ ጥሩ ስልክ አምስት ሜትር ገደማ ድረስ ይጠጋል። ጣራ ሥር፣ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሥር፣ ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ወይም በፎቆች መካከል ግን ምልክቱ ይደክማል፤ ከግድግዳና ከገደል ላይ እየነጠረም ረጅም መንገድ ዞሮ ስለሚመጣ ስልኩን ያታልለዋል።

የዚያ ሌሊት ጥፋት ግን ይህ ብቻ አልነበረም። ከመኝታ ክፍል የተላከው ነጥብ ከእውነተኛው ቦታ የራቀው ወደ አርባ ሜትር ብቻ፣ ያውም ወደ ጅረቱ በኩል ነበር። ዋናው ስሕተት የተፈጠረው ቀጥሎ ነው። መንገድ የሚያሳየው መሣሪያ ነጥቡን እንደ ተቀበለ መኪና ሊሄድበት ከሚችለው፣ ለነጥቡም በቀጥታ መስመር ከሚቀርበው መንገድ ጋር ያገናኘዋል። ወደ ሻለቃው ቤት የምትወርደው ኮረኮንች በዚያ ካርታ ላይ አልተመዘገበችም ነበር። ስለዚህ መሣሪያው ከሚያውቃቸው መንገዶች ቅርብ የሆነውን መረጠ፤ እርሱም ከጅረቱ ማዶ ያለው ነው። ሾፌሩን ወደዚያ ወሰደው። ነጥቧ ያለንበትን ትናገራለች፤ በእኛና በመድረሻችን መካከል ምን ዓይነት መሬት እንዳለ ግን አታውቅም። ይህን በላቪንግተን ጓሮ የተማርነውን ሰው በሰሜን ተራሮች ወይም በአባይ ሸለቆ ላይ ቢማረው ዋጋው ከሃያ አምስት ደቂቃ በላይ ይሆን ነበር።

ልጁ በዚህ ጊዜ የኮንቱር መስመር ያለበትን ካርታ በስልኩ ላይ ከፈተ። በየከተማው የምንጠቀምበት ተራ የመንገድ ካርታ ዳገቱንና ቁልቁለቱን ብዙ ጊዜ ይደብቃል። ከኦፕንስትሪትማፕ መረጃ የተሠሩት እንደ ኦስማንድና እንደ ኦርጋኒክ ማፕስ ያሉት ግን የከፍታ መስመሮችን ለማሳየት ይችላሉ፤ አስቀድሞ ወደ ስልኩ ከተጫኑም ያለ ኔትወርክ ይሠራሉ። እዚህ ላይ ብዙ ወታደሮች የሚሳሳቱበትን አንድ ነገር እናንሣ። ጂፒኤስ ራሱ ኔትወርክ አይፈልግም። ኔትወርክ የሚፈልገው ከነጥቧ ሥር የሚነጠፈው ካርታ ነው። ካርታውን ሳይጭን ከሠፈር የወጣ ሰው ኔትወርክ በሌለበት በረሃ ላይ በባዶ ነጭ ገጽ መካከል ቆማ የምትንቀሳቀስ ነጥብ ያያል፤ ያም ከማዘን በቀር አይጠቅመውም።

ከሰዓት በኋላ ሻለቃው ወደ ሳሎናቸው መልሰውን በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አሮጌ የወረቀት ካርታ አሳዩን። የትውልድ አካባቢያቸው 1፡50,000 ካርታ ሲሆን፣ ያሳተመው የቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራ ድርጅት ነው፤ ሥራው ዛሬ ወደ ስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ተዛውሯል። ከዚያም ስለ ሥልጠና ዘመናቸው አንድ ነገር ነገሩን። ከስልክ ላይ የተነበበውን መጋጠሚያ ቁጥር በቀጥታ በዚህ ካርታ ፍርግርግ ላይ ያስቀመጠ አንድ ሠልጣኝ፣ ከኮረብታው ግርጌ ቆሞ ሳለ በካርታው ላይ ከኮረብታው ጫፍ አለፍ ብሎ ተገኘ። ስልኩም ልክ ነበር፤ ካርታውም ልክ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርታ ሠሪዎች ምድርን ለመለካት መነሻ የሚሆን የስሌት መሠረት ያስፈልጋቸዋል። የአገራችን አሮጌ ካርታዎች መሠረት አዲንዳን ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በሱዳንና በግብፅ ወሰን አጠገብ ከነበረ የመለኪያ ጣቢያ ነው። ስልካችን የሚጠቀመው ግን ደብልዩ ጂ ኤስ 84 የተባለውን ዓለም አቀፍ መሠረት ነው። የሁለቱ ልዩነት በአዲስ አበባ አካባቢ በካርታው ፍርግርግ ላይ ወደ ሰሜን 200 ሜትር፣ ወደ ምሥራቅ 95 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ የስልኩን ቁጥር ሳያስተካክል በአሮጌው ካርታ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ራሱን ከእውነተኛው ቦታው በዚያ መጠን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያርቀዋል። የኬንያ አሮጌ ካርታዎች ደግሞ አርክ 1960 በተባለ ሌላ መሠረት የተሠሩ ናቸው፤ በናይሮቢ ልዩነቱ ወደ ደቡብ 300 ሜትር ይደርሳል። አቅጣጫው እንኳ ከእኛው ጋር አይመሳሰልም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የካርታው መሠረት በኅዳጉ ላይ ተጽፏል፤ በብዙዎቹ የጂፒኤስ መሣሪያዎች ውስጥም ያንኑ ስም መርጦ ማስተካከል ይቻላል። አንድ ደቂቃ አይወስድም። ያን ደቂቃ ያልሰጠ ሰው ግን ለቆሰለ ጓደኛው ሄሊኮፕተር የሚጠራው ወደ ሌላ ጉብታ ነው።

ሻለቃው ይህን ሲያስረዱ ምዜ በበሩ ላይ ቆመው ያዳምጡ ኖሮ ሣቁ። ስለምን እንደ ሣቁ ስንጠይቃቸው፣ አባታቸው የአዳኞች ዱካ ተከታታይ እንደ ነበሩ ነገሩን። ምዜ የካምባ ተወላጅ ናቸው፤ የካምባ ሰዎች በዚያ ዘመን በዱካ መከተል ችሎታቸው ዝነኞች ነበሩ። ኬንያ በ1977 እ.ኤ.አ. አደንን በሕግ ስለ ከለከለች የአባታቸው ሥራ በዚያው ቀረ፤ ትምህርቱ ግን ለልጅየው ተረፈ። ዱካ የሚታየው ማለዳና ወደ ማታ፣ ፀሐይ ዝቅ ስትል ነው አሉን። ዱካው በአንተና በፀሐይ መካከል እንዲሆን አድርገህ ከቆምክ፣ እያንዳንዱ ጉድጓድ የራሱን ጥላ ይጥላል፤ ፀሐይን ከኋላህ ካደረግህ ግን መሬቱ ሁሉ ጠፍጣፋ ይሆንብሃል። በሁለተኛው ማለዳ ጓሮው ውስጥ በረጠበው ቀይ አፈር ላይ በራሳችን ጫማ ዱካ ሞከርነው፤ እንዳሉትም ሆነ። አባታቸው ሲሄዱ ዘወትር ወደ ኋላቸው እየዞሩ ያዩ እንደ ነበርም ነገሩን፤ መንገድ ስትመለስበት ሌላ መልክ አለውና።

በዛሬ ዘመን አዳኞች ራሳቸው ከስልክ አልተላቀቁም። በአሜሪካ በ2009 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ኦንኤክስ የተባለው ድርጅት የታወቀው የመንግሥትና የግል መሬት ወሰንን በአዳኙ ስልክ ላይ በማሳየቱ ነው፤ በዚያ አገር ያለ ፈቃድ የሰው መሬት የረገጠ አዳኝ በሕግ ይጠየቃል። በአገራችንም አደን የሚፈቀደው በፈቃድና በተወሰነ ክልል ውስጥ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው የደጋ አጋዘን በሚኖርባቸው በአርሲና በባሌ ተራሮች ወሰንን ለይቶ ማወቅ ሕግን ከማክበር የሚቆጠር ነው። በኬንያ ደግሞ ዱካ መከተል ወደ ጥበቃ ተለውጧል። በ1993 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ሴቭ ዘ ኤለፈንትስ የተባለው ድርጅት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዝሆኖች አንገት ላይ የጂፒኤስ ቀበቶ እያሰረ አካሄዳቸውን ይከታተላል። ምዜ ይህን ሲሰሙ «እንግዲህ ዝሆኑ ራሱ ዱካውን ይናገራል ማለት ነው» አሉ፤ መደነቃቸውን ወይም መታዘባቸውን ግን ከፊታቸው ለማንበብ አልቻልንም።

በሦስተኛው ቀን ልጁ የአባቱን ኮምፓስ ይዞ ሰሜንን እንድናሳየው ፈተነን። ቀትር ላይ ነበርና ከመካከላችን አንዱ በልበ ሙሉነት «ፀሐይ በደቡብ በኩል ናት» ብሎ በተቃራኒው አመለከተ። ኮምፓሱ አሳፈረው። ላቪንግተን ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ አንድ ዲግሪ ከሩብ ገደማ ላይ ስላለች፣ በሚያዝያ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ትውላለች። እኛም በአገራችን ይህን ልናውቀው ይገባን ነበር፤ በአዲስ አበባ ከሚያዝያ 5 እስከ ነሐሴ 23 ገደማ የቀትር ፀሐይ የምትቆመው በሰሜን ነውና። ከአውሮፓ መጻሕፍት የተቀዳው በእጅ ሰዓት ሰሜንን የመፈለግ ዘዴ ለእኛ አገር የማያስተማምነውም ለዚህ ነው።

የሚያስተማምነው የጥላ ዘዴ ነው፤ ልጁም አሳየን። አንድ ሜትር ያህል የሚሆን ቀጥ ያለ ዘንግ ሜዳ ላይ ተክሎ የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት አደረገ። ሃያ ደቂቃ ያህል ጠብቆ ጥላው የተዛወረበትን አዲስ ጫፍ በሌላ ጠጠር አመለከተ። ከመጀመሪያው ጠጠር ወደ ሁለተኛው የሚሰመረው መስመር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያመለክታል፤ ፀሐይ በሰሜን ብትሆን በደቡብ ግድ የለውም። ልዩነቱን በኮምፓስ ስናየው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነበር። የስልኩን ኮምፓስ ጨምረን ስንሞክር ግን ከመኪና ማቆሚያው የብረት በር አጠገብ ከሠላሳ ዲግሪ በላይ ሳተ። ጠመንጃ፣ ራዲዮና መኪና አጠገብ የሚቆም ወታደር ይህን ልብ ይበል፤ ተራው ኮምፓስም ከብረት ይርቅ ዘንድ ይፈልጋል።

ስለ ጂፒኤስ ባለቤትነትም ጥቂት እንበል። የአሜሪካ መከላከያ ሥራውን በ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጀመሪያውን ሳተላይት በ1978 ያመጠቀው ለጦር አገልግሎት ነው። በ1983 መንገዱን ስቶ ወደ ሶቪየት ኅብረት ክልል የገባ የኮሪያ መንገደኛ አውሮፕላን ተመቶ 269 ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ሬገን ሥርዓቱ ለሲቪሎችም ክፍት እንደሚሆን አስታወቁ። እስከ ሚያዝያ 2000 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ግን የሲቪሉ ምልክት ሆን ተብሎ እንዲዛባ ይደረግ ነበር፤ ያም የቆመው በግንቦት 2 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ስልኮቻችን የሩሲያን ግሎናስ፣ የአውሮፓን ጋሊሊዮና የቻይናን ቤይዱ ጭምር ያዳምጣሉ። ሁሉም ምልክቶች ግን ከሩቅ የሚመጡና ደካሞች ስለሆኑ በመሬት ላይ ያለ መሣሪያ በቀላሉ ሊያፍናቸው ይችላል፤ በዩክሬን ጦርነት በየዕለቱ የታየ ነገር ነው። ወታደር በሌላ አገር ሰማይ ላይ በተሰቀለ ምልክት ብቻ ተማምኖ አይወጣም።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ፣ ቤተሰብንም የሚነካ አንድ ጉዳይ አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ስትራቫ የተባለው የስፖርት መተግበሪያ የተጠቃሚዎቹን የሩጫ መስመሮች በአንድነት ያሳየ የዓለም ካርታ አውጥቶ ነበር። በጥር 2018 አንድ የአውስትራሊያ ተማሪ ካርታውን ሲመረምር፣ በበረሃ መካከል ጨለማ መሆን በሚገባው ስፍራ ላይ የሚያበሩ መስመሮች አገኘ፤ ወታደሮች በየማለዳው በጦር ሠፈራቸው ዙሪያ የሮጡባቸው መንገዶች ነበሩ። ማንም ምሥጢር አልነገረም፤ ጫማቸው ነገረባቸው። ሻለቃው በቤታቸው የደነገጉት ሕግ ከዚህ የመጣ ነው። ልጆች የቤታቸውን ቦታ ለቤተሰብና ለአስቸኳይ ጉዳይ ብቻ ይልካሉ፤ የስልኩ ካሜራ በፎቶግራፉ ውስጥ ቦታውን እንዳይመዘግብ ይዘጋል፤ አባት ወደ ግዳጅ ሲሄድ የት እንዳለ በስልክ የሚያሳየው አገልግሎት አይከፈትም። ባለቤታቸው በዚህ የመጨረሻው ላይ ቅር እንደሚላቸው አልደበቁንም፤ እኛም የሚሉት እውነት አለው እንላለን። ባል የት እንዳለ ሳያውቁ ማደር ቀላል አይደለም።

ከላቪንግተን በስተ ደቡብ ምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ኪቤራ የተባለው ትልቅ የድሆች መንደር ይገኛል። እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ድረስ በሕዝብ እጅ በነበሩት ካርታዎች ላይ ይህን ያህል ሕዝብ የሚኖርበት ቦታ ባዶ ሆኖ ይታይ ነበር። በዚያ ዓመት ማፕ ኪቤራ በተባለው ሥራ የመንደሩ ወጣቶች ራሳቸው በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ይዘው በየስርቻው እየተመላለሱ መተላለፊያውን፣ የውኃ ቦታውን፣ ክሊኒኩንና ትምህርት ቤቱን መዝግበው በኦፕንስትሪትማፕ ላይ አሠፈሩት። የሻለቃው ልጅ ይህን ታሪክ በትምህርት ቤት ሰምቶ ኖሮ፣ በአራተኛው ቀን «አባዬ፣ የእኛን ኮረኮንች ማን አስመዘገባት?» ሲል ጠየቀ። ማንም አላስመዘገባትም።

በዚያው ቀን ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ልጁ ከአስፋልቱ እስከ ግቢው በር ድረስ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተለካ መስመር ስለማይታመን ነው። ምዜ ከኋላው እየሄዱ ኮረኮንቿ የምትጠብበትን፣ በዝናብ ጊዜም ከባድ መኪና የማያልፍበትን ቦታ ያሳዩት ነበር። ማታ መስመሩን በካርታው ላይ አስገባ። ግቢያቸውን ለይቶ የሚያሳይ ስም ወይም የሰው ስም ግን እንዳይጽፍ አባቱ ከልክለውታል፤ መንገድ የሁሉ ነው፤ ቤት የባለቤቱ ነው።

እናቲቱ በበኩላቸው ካርታው እስኪታደስ አልጠበቁም። በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ፣ ማንኛውም ሰው ባትሪ አብርቶ በስልክ ሊያነብላቸው በሚችል ትልልቅ ፊደል፣ በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ የምዜን ቃል እንዳለ አስጻፉት። ከየትኛው አስፋልት እንደሚነሣ፣ የትኛውን ቤተ ክርስቲያን እንደሚያልፍ፣ ስንተኛዋ መታጠፊያ እንደ ሆነች፤ ከሥሩም «ከጅረቱ ማዶ ያለውን መንገድ አትከተል፤ ድልድይ የለም» የሚል መስመር ጨመሩበት። ቀጥሎ የግቢው በር ላይ ከሰማይ በታች ቆመው የወሰዱት የመጋጠሚያ ቁጥር፣ በመጨረሻም የሐኪም ቤቱና የአንድ ጎረቤት ስልክ ተጻፈ። ማታ ማታ ወንዱ ልጅ እንደ ሾፌር ሆኖ ከውጭ ይደውላል፤ እናት ወይም ምዜ ያነባሉ፤ ትንሿም ልጅ ሰዓት ትይዛለች። በመጀመሪያው ሙከራ አባትየው ራሳቸው ሲያነቡ ግራንና ቀኝን አዛብተው ሁላችንን አሣቁን።

በስድስተኛው ቀን ስንሰናበት ወረቀቱ ከበሩ ጀርባ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ተሰቅሎ ነበር። ትንሿ ልጅ በግርጌው ላይ በቀይ እርሳስ ቤታቸውን፣ ምዜን ከነባትሪያቸውና ጅረቱን ሥላበታለች። ማዶ የቆመውን አምቡላንስም ሥላ በላዩ ላይ ትልቅ የመስቀል ምልክት ሰርዛበታለች።